ከወንድሜ ዓይን ያወጣሁት ብረት

አቃቂ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ስሠራ፣ የብረት ፍንጣሪ ዓይኑ የገባበት ሁሉ ክሊኒክ ሳይሆን እኔ ዘንድ ነበር የሚመጣው። ክሊኒክ የሄደ ሰው መነጽር ለምን አላደረግክም ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታላ! እኔ ግን የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ የዓይኑን ቆብ ገልብጬ እጠርግለታለሁ። "አይዞህ፣ ወጥቷል!" እለዋለሁ፤ ብረት ወደሚሞርድበት ግራይንደር ይመለሳል። "ዶክተር" ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ታናሽ ወንድሜን እዚያው ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዓይኑን ይዞ መጣ። ጠረግኩለት፤ ጥጡ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። "ወጥቷል" አልኩት፤ አመነኝ።

ከወራት በኋላ ያው ዓይኑ ይደበዝዝ ጀመር። ጠበሉም ጠብታውም ወይ ፍንክች! የዓይን ሐኪሙ ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን የተቆጣ ይመስለኛል ብሎ ኤምአርአይ አዘዘ። የተቆጣውን ቦታ ምስሉ ላይ የሚያደምቅ መድኃኒት በደም ሥሩ እንደሚሰጡትም ነገረን። ያኔ ማሽኑ ያለው ጥቂት ቦታ ስለነበር ሁለት ሚኒባስ ቀይረን ሄድን።

የማሽኑ ባለሙያ ቅጽ ይዛ መጣች። "ዓይንህ ውስጥ ብረት አለ? ማሽኑ ማግኔት ነው፤ ቅንጣት ብረት እንኳ ካለ ስቦ ዓይንህን ሊያጠፋው ይችላል" አለችው።

"ኧረ የለም" አለ፣ ሳያመነታ።

ይዛው ስትገባ ያ ጥጥ ትዝ አለኝ። ጥቁሩ ነገር ብረት ነበር ወይስ ግሪስ? በእግዚአብሔር ስም፣ አላጣራሁም እኮ! ብናገር ወንድሜ ፊት ማፈሬ ነው፤ ዝም ብል ዓይኑ ሊጠፋ ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል "ቆዪ፣ እህቴ፣ ቆዪ!" ብዬ ጮህኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ኤምአርአዩ ቀርቶ ራጅ ተነሳ። የዓይን ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑ ውስጥ ያለች ጤፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አሳየን። ዓይኑን ያስቆጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም አለ። በቀዶ ጥገና ትወጣለች፤ እይታው ይመለስ እንደሆነ ግን ቃል መግባት አልቻለም።

ምነው በሰደበኝ! ወንድሜ በደህናው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ ወጥቷል ብለኸኝ አልነበር?" አለኝ።