ወንድሜ ያመጣው የሰማይ መስታወት

ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር የተመለሰው በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እናቴና እኔ ፈረስ ይዘን ቆሰበር ከተማ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ጠበቅነው። እኔ ያኔ የከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ እግሩን ዘርግቶ መሬቱን ፈለገ። ፊቱ ቆመን ሳለ በእኛ ላይ አሻግሮ ያያል። እናቴ እጁን ያዘችው።

«እኔ ነኝ» አለችው በአዊኛ። አማርኛ ብዙም አይሆንላትም፤ ከእሷ ጋር የምንነጋገረው በአዊኛ ነበር።

«አውቄሻለሁ፣ እማየ» አላት። ያወቃት በድምፅዋ ነው።

ስለ ዓይኑ ማንም አልነገረንም ነበር።

ይሠራ የነበረው ተራራ ላይ፣ በትልቅ ቴሌስኮፕ ሰማይን ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ነው። ከሻንጣው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ መስታወት አወጣ። ጠርዙ ስለተሰነጠቀ ለሥራ አይሆንም ብለው የሰጡት ነው። ወደ በሩ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

«ሰማይ ነው» አለኝ በአማርኛ። «እንደ ፊልም ሆኖ ፎቶግራፍ የሚነሳበት መስታወት ነው፤» ቀጠለ። «ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዓይን ያየውን ወዲያው ይለቀዋል፤ መስታወቱ ግን ቴሌስኮፑ ውስጥ ተቀምጦ ብርሃኑን እያጠራቀመ ይቆያል። ስለዚህ ዓይን የማይደርስበትን ያሳያል።»

ሰማዩን ሁሉ እንደ ማሳ ከፋፍለው ቁራጭ በቁራጭ ያነሱታል። የእሱ ሥራ የአንድ ቦታ ሁለት መስታወቶችን፣ የቀድሞውንና የኋላውን፣ እያስተያየ የተንቀሳቀሰውን ወይም አዲስ የበራውን መፈለግ ነበር።

«ከስንጥቁ በላይ ጭረት የመሰለች አለች?»

«አለች።»

«ኮከብ አይደለችም። ከዋክብቷ ተቆጥረው የማያልቁ ሌላ ዓለም ናት። ይህ ብርሃን ከእሷ ሲነሳ ሰው የሚባል ፍጥረት ገና አልነበረም።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ ግማሹ ሳይገባት አልቀረም።

በሳምንቱ ጸበል ወሰደችው። አላንገራገረም፤ በዚያ ብርድ ገብቶ ቆመ። ዓይኑ ግን እንደነበረ ነው። ከተመለሱ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወረደች። ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችው፦

«መስታወትህን ሐይቁ ውስጥ ጣልሁት። እግዚአብሔር የሸሸገውን ስትመረምር ነው ዓይንህን ያጣኸው። ቤቴ እንዲያድር አልፈልግም።»

እጁን ወደ ሻንጣው ሰደደ፤ ያገኘው ጨርቁን ብቻ ነው። እስኪመሽ ድረስ ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ማናችንም እህል አልቀመስንም።

በማግስቱ ወደ ሐይቁ እንድወስደው ጠየቀኝ። ከአፋፉ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። እናቴ ከሩቅ ተከትላን ነበር።

«እማየ፣ ኮቴሽን ሰምቻለሁ። ነይ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች።

«የአባቴ አባት ዓይኑ እንዴት ጠፋ?» አላት።

«ቀስ በቀስ። መጀመሪያ ግራ ቀኙ፣ በኋላ ፊት ለፊቱ።»

«እሱ መስታወት መርምሮ ያውቃል?»

«ኧረ ገበሬ ነበር።»

«የእኔም እንደ እሱ ነው። ሐኪሞቹ ከዘር የመጣ ነው አሉኝ።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ጸበሉን ተስፋ አድርገሽ ነበር። ተስፋሽን ልቀማሽ አልፈለግሁም።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «መስታወቱ ላይ የነበረውን ለእኔም ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። አዊኛውን ለዓመታት ስላልተናገረው እየተደናቀፈ፣ ቃል ሲጠፋው ወደ እኔ እየዞረ ነገራት። የእነዚያን የሩቅ ዓለማት ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ እንደሚከፋፍሉት፣ ቀለሙም ወደ ቀይ እንደሚያደላ፣ ከዚህም የተነሳ እየራቁን መሆናቸውን እንዳወቁ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«አናውቅም።»

«እናንተም አታውቁም?»

«እኛም አናውቅም። ሰማዩን የምናነሳው ለዚህ ነው።»

አማተበች። «እንግዲህ ወዴት እንደሚሄዱ ሳታውቅ ዓይንህ ቀድሞህ ጠፋ» አለችው።

«ሌሎች ያዩታል፣ እማየ» አላት። እጇን ፈልጎ ያዘ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

እናቴ መስታወቱን ስለ መጣሏ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እሱም ዳግመኛ አላነሳባትም። በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤታችን ሒሳብ እንዲያስተምር ተቀበለው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ እሱ በቃሉ ያስተምራል። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሲያዳልጥ እናቴ ራሷ ክንዱን ይዛ እስከ ክፍሉ በር ታደርሰዋለች። አንዳንዴም ወዲያው አትመለስም። ከውጭ ግድግዳውን ተጠግታ፣ በአማርኛ የሚናገረውን ግማሹን እየሰማች፣ ግማሹ እያመለጣት፣ ደወል እስኪደወል ትቆም ነበር።