በቢዮ አዋሌ የቆፈርነው ጉድጓድ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሥራችን ከእበት የሚወጣውን ጋዝ ለገጠር ቤቶች ማገዶ ማድረግ ነው። እበቱ በውሃ ተበጥብጦ ጉድጓድ ይገባል፤ በብረት ክዳን ይታፈናል፤ ጋዙ በቧንቧ እስከ ምድጃው ይመጣል። ይህን ለማስረዳት አብሮኝ የሚዞረው ግንበኛና እኔ ብዙ ለፍተናል። የሚያምነን ግን አልነበረም።

ከከተማው ወጣ ባለችው መንደር በቢዮ አዋሌ ለሙከራ የተመረጠችው ባሏ የሞተባት፣ ጥቂት ላሞች ያሏት ሴት ነበረች። ጭስ ዓይኗን አቅልቶታል፤ እንጨት ፍለጋም ሩቅ ትሄዳለች። ስንነግራት እምቢ አላለችም፤ እሺም አላለችም። መቆፈር በጀመርን ማግስት ላሞቹ ከግቢው ጠፉ። ሁለቱ ጎረምሳ ልጆቿም የሉም። ስጠይቃት ገበያ በለመደችው አማርኛ ሁሉም ግጦሽ ሄደዋል አለችኝ።

ግንበኛው ኦሮምኛ ስለሚናገር ጎረቤቶቿ ሹክ አሉት። ከብቱን ቆጥረን ልንነዳ፣ ጎረምሶቹን ጭነን ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ልናስገባ የመጣን መስሏቸዋል። ስለ ጉድጓዱ ያሰቡትን ግን ለእሱም አልነገሩትም። በዚያ ዘመን መንግሥት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

እበቱን ከጎረቤት በረት ለምነን ሞላነው፤ ክዳኑንም ገጠምነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ በሌላ በኩል ጠረጠረ። ሴትዮዋ ኮንትሮባንድ ወደሚሸጥበት ቀፊራ ገበያ ወተት ይዛ ስለምትመላለስ፣ ከክዳኑ ሥር የኮንትሮባንድ ጨርቅ ደብቃለች ብሎ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። የተጠራቀመው ጋዝ ይባክናል ብዬ ብለምነው አልሰማኝም። ክዳኑን አስነሳና ረጅም እንጨት ሰዶ አማሰለው። ያገኘው እበት ነው፤ እሱም ካኪ ሱሪው ላይ ተረጨበት። የሳቀ የለም። ሴትዮዋ ብቻ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

በማግስቱ ላሞቹ ተመለሱ። ምን ተገኘ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሊቀመንበሩ ጉድጓዳችሁን ከጠረጠረ የእሱ ወገን አይደላችሁም ማለት ነው" አለችኝ።

ጋዙ እንደገና እስኪጠራቀም ጠበቅን። ምድጃው ሲለኮስ ሰማያዊ ነበልባል ወጣ፤ ጭስ የለውም። ሻይ አፈላች። ጎረቤቶቿ ግን በእበት እሳት የፈላ ይጠጣል ወይ እያሉ ተያዩ፤ ብርጭቆውን የሚነካ ጠፋ። የመንደሩ ሼክ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ሙሉውን ጠጥተው ድገሚኝ አሏት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ቀረቡ፤ ሁለት ሴቶች ግንበኛውን ወደየግቢያቸው ይዘውት ሄዱ።

እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ላሞቹ ከመጡ ልጆቹ ለምን አልመጡም ብዬ ጠየቅኳት። እጇን ወደ ነበልባሉ አስጠጋች።

"እሳቱን አምኜዋለሁ ልጄ። አንቺንም እያመንኩሽ ነው" አለች። "የላከሽን ግን አላውቀውም።"

ልጆቿን ማንም እንደማይነካቸው ልምልላት አሰብኩና ተውኩት። ምን ብዬ እምላለሁ? በዚያ መንደር በተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ ምድጃው ሲነድ አይቻለሁ፤ ዓይኗም ጠርቶ ነበር። ልጆቿን ግን አንድም ቀን አላየኋቸውም።