መርከቡን ሁለት ጊዜ ያስቆምሁ ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ በሰዓቱ ተነሣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጥፋቱ የእኛ የሠፈር ልጆች ነበር። ወደቡ ላይ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ እኛ ልብሳችንን የምንሰቅለው እሱ ላይ ነው። ካፒቴኑ ጋሼ ተሰማ ደግሞ ውሃው ውስጥ አንድ ልጅ ካዩ ሞተር አያስነሡም። ይኼን ጠንቅቀን እናውቃለን። ስለዚህ መርከቡን ከበን እንንቦጫረቃለን፤ ተሳፋሪው እየተሳደበም እየሳቀም ለስንቅ ከያዘው የዘይቱን ፍሬ ወደ ዳር ይወረውርልናል። ዘይቱኑ ይንሳፈፋል፣ እኛም እየተሻማን ወደዚያ ስንዋኝ መንገዱ ይለቀቃል። የዘይቱኑና የናፍጣው ሽታ ተቀላቅሎ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ እህቴ ስንዱ በአስተማሪነት ከጎርጎራ አለፍ ብላ ባለችው ደምቢያ ውስጥ፣ ቆላ ድባ ተመደበች። እናታችን ፋብሪካ ስለምትውል ያሳደገችኝ ስንዱ ናት፤ ሹሩባዬን የምትሠራኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ አንድ አልጋ ላይ አቅፋ የምታስተኛኝ እሷ። መርከቡ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ጠዋት ነው የሚነሣው። ሳምንቱ ሳያልፍ ሥራዋ ላይ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብላለች። ይኼን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼም፣ ተሳፍራ እጇን ስታውለበልብልኝ፣ የክት ቀሚሴን እንደለበስሁ ዘለልሁ!

ዘይቱኑ ተወረወረ፤ ሌሎቹ ልጆች ሄዱ። እኔ መርከቡ ጎን የተንጠለጠለው ጎማ ላይ ሙጭጭ አልሁ። «ኧረ የማን ልጅ ናት ይቺ?» አሉ ጋሼ ተሰማ። ወደ ደሴት ገዳም ለንግሥ የሚሄዱ አንድ ቄስ «ልጄ፣ ማኅሌቱ ሊያልፈኝ ነው፤ ስለ ማርያም ብለሽ ውጪ» እያሉ ለመኑኝ። የወደቡ ጸሐፊ ደግሞ «ይኼ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። አሻጥር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እኔ መሆኔ ገብቶኛል። እናቴ ከዳር ሆና «ቆይ፣ ቤት እንገናኛለን!» ትላለች። እኔ ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ስንዱ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። «እሺ፣ ቀረሁልሽ። ውጪ፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ። ወጣሁ። ያኔ የተሰማኝ ደስታ! በነጠላዋ ጠቅልላ ፀጉሬን አደረቀችልኝ፤ አልተቆጣችኝም። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ መርከቡን ማየት ጀመረች። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ስትውጥ አየኋት። ስንዱ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሞተሩ ተነሣ፣ ገመዱ ተፈታ። «ጋሼ፣ ያቁሙ! እህቴን ይውሰዷት!» ብዬ ጮህሁ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል ማን ይስማኝ? ምን ላድርግ፣ ከመርከቡ ፊት ተመልሼ ዘለልሁ።

ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ተሰማ ኮፍያቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ወረወሩና «ደግሞ አሁን ምን ሁኑ ነው የምትይን?» አሉኝ። «ስንዱን ይውሰዷት!» አልሁ እየተንሰቀሰቅሁ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ በመስቀላቸው ባረኩኝ፤ ስንዱም እየሳቀች፣ እያለቀሰች ተሳፈረች። እናቴ ግን ቃሏን አላጠፈችም፤ ለሁለት ዝላይ ሁለት ቁንጥጫ ቤት ጠበቀኝ።

ዛሬ ወደ ደምቢያ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። አውቶቡሱም በዘጠኝ ዓመት ልጅ ለቅሶ አይቆምም። ስንዱ ቆላ ድባ አስተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ እዚያው ጡረታ ወጣች፤ እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ የመጣችው በእንግድነት ነው። በደወለች ቁጥር «ያቺ ሁለተኛዋ ዝላይሽ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የመጀመሪያዋ ትሻለኝ ነበር እላለሁ።