ጃፓንኛ የማያውቀው ተርጓሚ

አብዱሰመድ አንድም ቃል ጃፓንኛ አያውቅም። ይህን ከመጀመሪያው መናገሩ ይሻላል፤ አቃቂ ውስጥ ዛሬም ድረስ ያውቃል ብሎ የሚከራከርለት ሰው ሞልቷልና።

የሚያውቀው መኪና ነበር። አባቱ ከወሎ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ኖረው አቃቂ የቀሩ ሾፌር ናቸው፤ እሱም በረዳትነት ጎማ ሲያወርድና ሲጭን ነው ጢም ያበቀለው። ወደ ፊልም የገባው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ቃልቤሳ የሚባል ሰው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ የሳንቃ አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማይክሮፎን። የውጭ ፊልም እየቆመ የሚተረጉም ሰውም ነበረው። አንድ ቀን ታዲያ ተርጓሚው ቀረ፤ የመጣው ካሴት ደግሞ ጃፓንኛ ሆኖ ተገኘ፣ ከሥሩ እንኳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የለው። ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ከፍሎ የገባው ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ ተቀምጦ የነበረው አብዱሰመድ ተነሣና ማይክሮፎኑን ያዘ።

"ይሄ ሰውዬ ጌታው የሞተበት ሳሙራይ ነው" አለ። "ጌታ የሌለው ሳሙራይ ማለት በእኛ አገር መንጃ ፈቃድ ኖሮት መኪና ያጣ ሾፌር ማለት ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያ የቀድሞው ተርጓሚ በማግስቱ ቢመጣም ማይክሮፎኑን የሚመልስለት አላገኘም።

የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነበር። ፊልሙን አስቀድሞ ብቻውን፣ ድምፁን ዘግቶ ያየዋል። ማን ለማን ዝቅ ብሎ እጅ እንደነሣ፣ ማን የማንን ዓይን እንደሸሸ፣ ሻይ ስትቀዳ ያፈሰሰችው ሴት ማንን አይታ እንደሆነ ይሰልላል። የቀረውን ከራሱ ይሞላል። የሽማግሌውንም፣ የጎረምሳውንም፣ የሴቲቱንም ድምፅ የሚያወጣው እሱው ነው። በሴት ድምፅ ሲያለቅስ ጎማ ጠጋኞቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። አንድ ጊዜ ያንኑ ፊልም ደግመው ሲያሳዩ የፈጠረውን ታሪክ ረስቶ ሌላ ፈጠረ።

"ባለፈው ወንድሙ ነው አላልከንም እንዴ? ዛሬ እንዴት ደመኛው ሆነ?" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

"ወንድምነቱን ዛሬ ካደዋ!" አለ አብዱሰመድ፣ ቅንጣት ሳይደነግጥ። ሕዝቡም ተስማማ፤ እንዲህ ያለ ወንድም የሌለው ማን አለ?

ካራቴውም ነበረ፣ ተኩሱም ነበረ፤ የአቃቂ ሰው ግን የሳሙራይ ፊልም ሲባል ሥራ ጥሎ ይመጣ ነበር። ሳሙራይ አይቸኩልም። ሁለት ሰዎች ዝናብ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን ውጦታል፤ ጭቃ ደግሞ አቃቂ በክረምት የሚያስተምረው ትምህርት ነው። አይሰዳደቡም። እኛ ስንጣላ ግማሽ ቀን ተሰዳድበን፣ ገላጋይ መምጣቱን በደንብ ካረጋገጥን በኋላ ነው ጃኬት የምናወልቀው። እነሱ ጎንበስ ብለው ይከባበራሉ፣ ዝም ብለው ይተያያሉ፣ ከዚያ አንድ ምት ነው። አንዱ ይወድቃል፤ ሌላው ሰይፉን ጠርጎ ወደ አፎቱ ይመልሳል። አለቃው ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት የዋለ ሠራተኛ የሚከፍለው ይህን ዝምታ ለማየት ነበር። ሰው ሳይጮህ ሲከበር ማየት ያሳርፋል።

አብዱሰመድ ራሱ የሚወደው ግን ሰይፉን አልነበረም። በአንደኛው ፊልም ውስጥ አንድ የተራበ ሳሙራይ አለ። ሥራ የለውም፣ ልብሱ ተጣፍፎ አልቋል፣ ከበላ ሰነባብቷል። ሰው ወዳለበት መንገድ ከመውጣቱ በፊት ስንጥር ይሰብርና ልክ ሥጋ በልቶ እንደወጣ ሰው ጥርሱን እየጎረጎረ ያልፋል። ተመልካቹ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይስቃል። አብዱሰመድ እዚህ ጋ ሲደርስ አንድም ቃል አይተነፍስም ነበር። ይህን ሰውዬ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ። ቃልቤሳ ወደ ሲሚንቶ ንግድ ዞረ፤ ቪዲዮ ቤቱ በነበረበት መንገድ ወጣበት። አብዱሰመድ ሳሪስ በዘመዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሥራ ያዘ። ሚስቱን በድሪያን ሕመም ወሰዳት። አንዲት ልጁ ተቅዋ ለሥራ ጂዳ ሄደች። እሱም ዕጣ የወጣለት ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድሳ ዓመቱን ይዞ ብቻውን ቀረ።

ብቸኝነቱን እኛው በግልጽ እንናገርለት፤ እሱ ቢሞትም አይናገር። ጠዋት ደረጃው ወደ ሥራ በሚሮጥ ሰው ይጨናነቃል፤ ማታ ሁሉም ደክሞት ይገባና በሩን ይዘጋል። ሰላምታ አለ፣ ከሰላምታ የሚያልፍ ነገር የለም። መግሪብ ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ጠዋት ያስቀመጠው ብርጭቆ እዚያው ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ይጠብቀዋል። የሚከብደው ይህ ነበር፤ ዕቃ የሚያዛውርበት ሰው ማጣቱ። በድሪያ በሕይወት ሳለች ጫማዬን የት ደበቅሽው እያለ ስንት ቀን ተቆጥቷታል!

እናም ሲመሽ በፍላሽ ያስጫናቸውን የጃፓን ፊልሞች ይከፍታል፣ ድምፁን ያጠፋል፣ መተርጎም ይጀምራል። ለማን? ለማንም። ሽማግሌ ይሆናል፣ ሙሽራ ይሆናል፣ ሕፃን ይሆናል፤ ይጣላል፣ ይታረቃል። ቤቱ በሰው ይሞላል። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ጥለውት ይወጣሉ።

ተቅዋ በየዓርቡ በኢሞ ትደውላለች። በዚያ ሰሞን ኮንትራቷ ሊያልቅ ተቃርቦ አሠሪዎቿ እንድታድስ ይወተውቷት ነበር።

"አባዬ፣ ብቻህን ከሆንክ አላድስም" አለችው። "የያዝኩት ይበቃኛል፣ እዚያው መጥቼ እሠራለሁ። ወሩ ሳያልቅ መልስ ስለምሰጣቸው እውነቱን ንገረኝ።"

"እኔ? ብቻዬን?" አለ አብዱሰመድ፤ ሳቀም። "ጎረቤቱ በሙሉ እኔ ቤት አይደል እንዴ የሚያመሸው! አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅበት። ነይ ቢላት ትመጣለች። ያቺን ቃል ማውጣት ግን ሰው ፊት እጅ ዘርግቶ እንደመለመን ሆነበት፤ ልጅን ከእንጀራዋ ማፈናቀልም መሰለው። እንደ ልቡ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ሻንጣዋን እንድትይዝ ይነግራት ነበር።

አሁን ወደ ጠጄ እንምጣ። ጠጄ ቀጥሎ ያለው ቤት ውስጥ የምትኖር፣ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የሚባለው ነገር ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። አንድ ምሽት ራቷን እየሠራች ሳለ ከማዶ አንዲት ሴት፣ "አባቴ፣ ከእንግዲህ ጥዬህ አልሄድም!" ብላ ስታለቅስ፣ አንድ ሽማግሌም "ልጄ፣ ልጄ" ሲላት ሰማች። ከዓረብ አገር የምትጠበቅ ልጅ ያለው ሰው ቤት እንዲህ ያለ ለቅሶ ከተሰማ ምን ይባላል? ጠጄ ዕልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ጊዜው መምሸቱን አይታ ነው የተወችው።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ትኩስ ጨጨብሳ በሰሃን ይዛ በሩን አንኳኳች።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሽ አብዱሰመድ! ተቅዋ ገባች አይደል? ሰማኋት'ኮ ትናንት! ይቺን ትቅመስልኝ። ሥጋ በነካ ዕቃ አልሠራሁትም፣ አዲስ መጥበሻ ነው፣ ምንም አይስጉ።"

አብዱሰመድ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጋለ። ያቺ ያለቀሰችው ሴት እኔ ነኝ ብሎ ለጎረቤት እንዴት ይነገራል? ባዶ ቤት ውስጥ ለሶፋ እተረጉማለሁ ይበላት?

"ተኝታለች" አለ። "መንገዱ አድክሟት።"

"ትተኛ፣ ትተኛ! እኔ አልቀሰቅሳትም" አለች ጠጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ተመለሰች።

ጨጨብሳውን ብቻውን በላው፤ ጣፍጦትም ነበር። ችግሩ የመጣው በሰሃኑ ነው። የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ከጂዳ የመጣች ልጅ ካለችበት ቤት ሲሆን ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም አይጣልበትም። በማግስቱ ከሱቅ ሲወጣ ሳሪስን ዞሮ ዞሮ እነዚያ ከዓረብ አገር የሚመጡ ልጆች ለሰፈር የሚያድሉትን፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለውን ቸኮሌት ገዛ። ሰሃኑ ላይ ቆልሎ ወስዶ፣ "ከተቅዋ ነው" አላት። ጠጄ አንዱን አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ሊነግራት ከንፈሩ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ደስታዋን አይቶ ዋጠው። ምነው ያኔ በተናገረ!

ጠጄ እንዲህ ያለውን ወሬ ለብቻዋ የምትይዝ ሴት አይደለችም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የደረጃውን ሰው ሁሉ አስከትላ፣ ለስላሳና ብስኩት አስይዛ መጣች፤ ልጅቱን እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ሊሏት። አብዱሰመድ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ፊት ሲያይ የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ቆመ።

"ተመለሰች" አለ። "አሠሪዎቿ በአስቸኳይ ጠርተዋት... ትናንት ሸኘኋት።"

"ሳንስማት?" አለች ጠጄ፤ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። "እናንተዬ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ሳትጠግባት?"

ሰዎቹ መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። ልጁ የሄደችበትን አባት በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ጎረቤት የለም። ገቡ፣ ሶፋው ሞላ፣ ከጓዳ ወንበር አወጡ፣ ለስላሳውን ከፈቱ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ አንዷ ስለ ራሷ ልጅ አወራችለት። ያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሰው ሞልቶት አያውቅም። አብዱሰመድ የናፈቀው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ነበር፤ ያልመጣች ልጅ ስለሄደችበት እያጽናናው። ሲያለቅስ አዩት፤ ዕንባውም የእውነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊልም ሲከፍት መተርጎም አልቻለም። ግድግዳው ማዶ ጠጄ አለች፤ አንዲት የሴት ድምፅ ቢያወጣ ልጅት ሄደች ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ሳሙራዮቹ ድምፅ አጥተው ዝናባቸው ውስጥ ይቆማሉ፣ እሱም ድምፅ አጥቶ ያያቸዋል። ለራሱ እንኳ የሚያወራበት መንገድ ተዘጋበት። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደዚህ ሲታፈን ማየት ያሳዝናል፤ ያፈነው የገዛ ኩራቱ ሲሆን ደግሞ ያናድዳልም።

ዓርብ መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ ተቅዋ ደወለች። ከግድግዳው ማዶ የጠጄ ቴሌቪዥን ድራማ እያወራ ነበር።

"ነገ መልስ እሰጣቸዋለሁ፤ ላድስ አይደል?" አለች። ወዲያው ከአባቷ ኋላ ያለው የስክሪን ብርሃን ዓይኗን ሳበው። "ምን እያየህ ነው? የጃፓኖቹን ነው እንዴ? እስቲ ስልኩን አዙርልኝ!"

ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞረላት። አንድ ሽማግሌ ሳሙራይ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ወጣት ጓዟን ይዛ ፊቱ ቆማ ትናገራለች።

"ምን እያለችው ነው? አንተው ንገረኝ፣ በድምፅህ።"

አብዱሰመድ ግድግዳውን አየ። በሹክሹክታ ጀመረ።

"ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አልሰማህም አባዬ። ጮክ በል!"

ደግሞ ግድግዳውን አየ። ከዚያ በቃልቤሳ ቤት የነበረውን ድምፅ አወጣ፤ ያን ከኋላ አግዳሚ ድረስ የሚደርሰውን።

"'አባቴ' ትለዋለች፤ 'ብቻህን ከሆንክ አልሄድም። እውነቱን ንገረኝ።'"

ግድግዳው ማዶ የጠጄ ቴሌቪዥን ዝም አለ። አብዱሰመድ ሰማ፤ አላቆመም።

"ሽማግሌውስ ምን ይላታል?" አለች ተቅዋ።

"ሽማግሌው... 'ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ' ይላታል። 'እኔ ቤት የሚያመሽ ማንም የለም። አንድ ቀን ቤቴ በሰው ሞልቶ ነበር፣ እሱንም ያገኘሁት በውሸት ነው። ጎረቤቴን አታልያታለሁ። መናገር ፈርቼ ነው እንጂ ብቻዬን ነኝ። ነይልኝ' ይላታል።"

ተቅዋ ፊልሙን ልብ ብላ ለማየት ስልኳን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"አባዬ" አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። "ሰውየው እኮ አፉን አልከፈተም።"

"አዎ" አለ አብዱሰመድ። "እሱስ ምንም አልተናገረም።"