በረዶ ስር የማይኖረው ዓሣ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ወሬኛ ነው ብለው የፈረዱብኝ ገና ልጃቸውን ሳላገባ ነው። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳቱም። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን የሪል ስቴት ላይሰንስ ላወጣ ነው አልኳቸው። በዓመቱ የጭነት መኪና ልገዛ ነበር። ከዚያ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ሬስቶራንት ልከፍት ነበር፤ የሜኑውን ቀለም ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እየነዳሁ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሳሎናቸው ውስጥ ስቀመጥ ደግሞ ባለሀብት ነበርኩ።

እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሲዋሹ ያያቸው ሰው የለም። ስልክ ሲጮህ እንኳ «የለም በሉልኝ» አይሉም፤ ማናገር የማይፈልጉት ሰው ከሆነ ራሳቸው አንስተው «ዛሬ ላናግርህ አልፈልግም» ይሉታል። እኔ አዲስ ዕቅድ ማውራት ስጀምር መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ስጨርስ መልሰው ያደርጋሉ። በቃ፣ መልሳቸው እሱ ነበር። ያቺን መነጽር እንደ ዳኛ መዶሻ እፈራት ነበር።

የሻትሎቹ መካኒክ በረዶ ከማያጣው ሰሜን የመጣ ነጭ ሽማግሌ ነበር። አንድ ዊንተር ዓሣ እናጥምድ ብሎ ወሰደኝ። ሐይቁ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች መሃል ነው፤ ሦስት ሰዓት ያስነዳል። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም፣ ውስጡም አረም ብቻ ነው። ላዩ ግን መኪና የሚሸከም እስኪመስል በረዶ ሆኗል። የምትፈለገው ዓሣ ብሉጊል ትባላለች፤ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የምታክል፣ በረዶው ስር ሳይደርቅ የሚከርመው አረም መሃል የምትሸሸግ። በረዶውን በመሰርሰሪያ ትበሳለህ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ መንጠቆ ላይ ነጭ ትል ሰክተህ ታወርዳለህ፣ ባልዲ ገልብጠህ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ወሬም ኮቴም ዓሣዎቹን ያስበረግጋል። እኔን ለዚህ ሥራ መጋበዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

መካኒኩ ባልዲውን ሞላ። እኔ የያዝኩት ጉንፋን ነው። ስንነሳ ባልዲውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ትወስዳለህ?» አለኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩት።

በእኛ ደንብ ገና መጀመሬ ነበር። እሱ «እንዴ፣ ውሰድ እንጂ» ሊለኝ፣ እኔ «ኧረ በፍጹም» ልለው፣ በሦስተኛው መሬት መሬት እያየሁ ልቀበለው። እሱ ግን «ኦኬ» አለና የባልዲውን ክዳን ገጠመው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪናው ውስጥ ሁለተኛውን ግብዣ ስጠብቅ ሬዲዮ አዳመጥን።

መኪናዬ ጋ አድርሶኝ እንደሄደ ባለቤቴ ኮል አደረገችልኝ። «አባዬ ጋ ነን፣ እየጠበቅንህ ነው። ያዝክ?»

«ያዝኩ እንጂ!» አለ አፌ። እኔን አላማከረኝም።

መንገዴ ላይ ላንግሊ ፓርክ ጎራ አልኩና ከአንድ ገበያ ሦስት ቲላፒያ የሚባል ዓሣ ገዛሁ። ሻጩ ሊጠርግልኝ ሲል ከነቅርፊቱ ስጠኝ አልኩት። ፓርኪንግ ሎቱ ጥግ ከተከመረው በረዶ እየዘገንኩ ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኩበት። ስገባ ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አማቴ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ብዙ አዩ፣ ከዚያ «ጎበዝ» አሉኝ። በአሥር ዓመት አንዴ። ለዚያች ቃል ስል የላንግሊ ፓርክን ዓሣ ሁሉ ብገዛ አይቆጨኝም ነበር።

በሚቀጥለው ዊንተር ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ «ይቅርብኝ» አልኩ፣ ሁለት ጊዜ «ኦኬ» ተባልኩ፣ ሁለት ጊዜ ላንግሊ ፓርክ ወረድኩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። የቅበላ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ አበሻ ሁሉ ሥጋ ቤት ተሰልፎ እኔ ዓሣ ላመጣ ፎክሬያለሁ። ዋዜማውን አማቴ «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

«ብርዱ አይሆንዎትም» አልኩ። ካፖርት አለኝ አሉ። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ። እተኛለሁ አሉ። እዚያ ሽንት ቤት የለም አልኩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አንድ የያዝኩት ነገር ቢኖር ያቺ «ጎበዝ» ነበረች፣ እሷም ልትሄድ ነው።

በረዶው ላይ መካኒኩ በየቀዳዳችን ተራርቀን እንድንቀመጥ አዘዘ። ሽማግሌ አማቴን ብቻቸውን ትቼ የት ልሂድ? እሳቸው ቀዳዳ ላይ አብሬ ተቀመጥኩ። እግራቸውን ሊያፍታቱ ሲነሱ አብሬ ብድግ እላለሁ፤ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። መካኒኩ ከሩቅ «ለምንድነው የምትነሳው? ዓሣዎቹን እያባረርክ ነው» ይላል። የሚስቴ አባት ቆመው እኔ አልቀመጥም ብዬ በእንግሊዝኛ የማስረዳበት አቅም አልነበረኝም። አንዲት ብሉጊል አልነካችንም።

ማታ ላይ መካኒኩ ሙሉ ባልዲውን ይዞ መጣ። አማቴ አንዷን አንስተው መዳፋቸው ላይ አጋደሟት። «ትንንሽ ናቸው» አሉ።

«ዘንድሮ አላደጉም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። መካኒኩ «ትወስዳላችሁ?» ሲል አፌ እንደ ልማዱ «አይ፣ ይቅርብን» አለ። «ኦኬ» ብሎ ዞረ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ አማቴ በዚያ በመምህር እንግሊዝኛቸው ጠሩት። «እንወስዳለን፣ እግዜር ይስጥህ» አሉት። እሱም ግማሹን ሰጣቸው። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር።

የዚያን ቀን የሄድነው በእኔ መኪና ነበር። ከተራራው እንደወረድን አማቴ «ዝዋይ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም። ደሞዝ ሲዘገይ የምንበላው ቆሮሶ ነበር። ቆሮሶ ሙቅ ውሃ ነው የሚወደው፤ በረዶ ስር አንድ ሌሊት አያድርም።»

ፈረንጅ ቲላፒያ የሚለው የኛው ቆሮሶ ነው። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። «ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር?»

«ከነቅርፊቱ ነዋ ያመጣኸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ ደስ ብሏት ነበር» አሉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ከመስኮቱ ሳይዞሩ «አንድ ቀን እንኳ የሐይቁን ዓሣ ይዘህ እንድትገባ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። እኔ አፈርኩ። መሪውን ይዤ ባልሆን ኖሮ ፊቴን በሁለት እጄ እሸፍን ነበር።

ቤት ስንደርስ ዓሣው ተጠበሰ። የአማቴ ሚስት፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ሳህኑን እያዩ «ባለፈው ያመጣው ግን ይተልቅ ነበር» አሉ።

«ያኛው ሌላ ዘር ነው» አሉ አማቴ። ይህ እውነት ነበር።

«ይሄንንስ ማን ያዘው?» አለች ባለቤቴ።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ የምሰማውን አውቄ አንገቴን ደፋሁ። በሶፍት ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«እሱ ነው የያዘው» አሉ። «እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው እንደ ልማዴ እንድተርክላቸው ጠበቁ። ያን ምሽት ግን ወሬዬን ትቼ፣ ትልቋን ብሉጊል ከአጥንቷ ለይቼ አማቴን አጎረስኳቸው።