የተዘቀዘቀው ገጽ

አጎቴ በዩኒቨርሲቲያችን ፔዳ ግቢ ውስጥ የጥናት ጽሑፎችን ለኅትመት ሲያዘጋጁ ኖረው ባለፈው ወር አረፉ። ግራፍ ያለበትን ገጽ ሁሉ ዘቅዝቀው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር የሚያዩት። ቃሉ ካልተነበበ የፊደሉ ውፍረት ብቻ ይታያል። የጣናን የውኃ ከፍታ የሚያሳየውን ግራፌን እንዲህ አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ከሌላ ቤት የመጣ ይመስላል፤ የጽሑፉን ፊደል አልብሽው» ሲሉኝ ተናድጄ ነበር።

ትናንት የመመረቂያ ጽሑፌን አትሜ፣ በሥራ ክፍላቸው፣ ባዶው ወንበራቸው ፊት ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ክፍሉን ቆልፌ ሄድሁ። ዛሬ ጠዋት ስከፍት የግራፉ ገጽ ተዘቅዝቆ ጠበቀኝ። መነጽሬን አውልቄ አየሁት። የግራፉ ፊደል አሁንም ከጽሑፉ ይወፍራል። ማን እንደዘቀዘቀው ማንንም አልጠየቅሁም። አስተካክዬ እንደገና አተምሁና፣ እንዲያዩልኝ እዚያው ትቼው ወጣሁ።