በነጭ ጨርቅ የተለካ ጭስ

ደንቡን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የሆነውን ሳወራ ሰው ሁሉ «አንቺስ የት ነበርሽ?» ይለኛልና። እዚያው ነበርሁ። ብዕሩን የያዝሁትም እኔ ነኝ፣ እጄን በቆረጠው!

ንጉሡ ወርደው ኮሚቴ የሚባል ነገር ከተማውን በያዘበት ጊዜ እኔ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበርሁ። ረሃቡ ከለጋምቦና ከተንታ ያፈናቀለውን ሰው ያስጠለልነው መንገድ ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ከመንገዱ ዐሥር እርምጃ አይርቅም። ከደሴ የሚመጣ መኪና ሁሉ የሚቆመው እዚያ በር ላይ ነው፤ ቆሞም ሞተሩን አያጠፋም። ባትሪው የሞተ፣ ብርዱም ብርድ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ሃያ ሰው ገፍቶም አያስነሣው። እህሉ እስኪራገፍ፣ ሹፌሩ ሻዩን እስኪጠጣ ድረስ ጭሱ ወደ መጋዘኑ ይገባል። ውስጥ የተኙት ደግሞ ለመሳል እንኳ አቅም ያነሳቸው ናቸው። በሩን ብዘጋው አየር አጥተው ይታፈኑብኛል፤ ብከፍተው ጭሱ አለ። 

ከሁሉ የባሰ የሚያጨሰው የአንድ ሽማግሌ መኪና ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። «መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፤ ቀልዱን ያመጡት ሚስታቸው ራሳቸው ናቸው። ጋሼ እህል ይዘው መጥተው ሲመለሱ የጠናባቸውን ሕመምተኞቼን ጭነው ደሴ ሆስፒታል በነፃ ያደርሱልኛል። «ምን ልስጥዎ?» ስላቸው «ዱዓ አድርጊልኝ፣ ይበቃኛል» ይላሉ። ሌላ የሚጭንልኝ መኪና አልነበረም። የሰዎቼ ነፍስ የተንጠለጠለው በእሳቸው መኪና ላይ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አብሮ አደጌ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ የእናቴን ሽሮ እየበላ ነው የተማረው። ስለዚህ ሳልፈራ ሄጄ ነገርሁት። ከተማ የሚገባ መኪና ሁሉ ይለካ፤ ስንዝር የምታክል ነጭ አቡጀዲ ከጭስ ማውጫው ኋላ ተይዛ እስከ መቶ ይቆጠር። ጨርቋ ነጭ ከሆነች በሰላም ይሂድ፣ ከጠቆረች ይክፈል፣ በጣም ከጠቆረች የበለጠ ይክፈል። ገንዘቡ ለመጋዘኑ ሳሙናና ወተት ይሁን። እሱም ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «የማንም መኪና ይሁን! የመንግሥትም፣ የኮሚቴም!» አለ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ!

ረቂቁን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው እሺ ካሉ ሌላው ሹፌር እንደማያንገራግር አውቃለሁ። አንብቤ ስጨርስ ከት ብለው ሳቁ።

«አንቺ ልጄ፣ እኔ የጉጉፍቱን ተራራ ብርድና ያን ሁሉ ዳገት አልፌ፣ እህል ተሸክሜ ነው የምመጣው። ባዶውን የሚንሸራሸረው የቢሮ መኪና በጨርቅሽ ንጹሕ ይሆናል፤ እኔ ጥቁር። ጭሱን ለካሽው፤ ጭነቱንስ ማን ይለካልኝ?»

አፈርሁ። ጨርቋን ሳስብ ዳገቱን አላሰብሁትም ነበር። እዚያው እፊታቸው ቁጭ ብዬ አንድ አንቀጽ ጨመርሁ፦ እህል የጫነ መኪና የሚለካው አራግፎ፣ ሞተሩም ጥቂት ካረፈ በኋላ ነው፤ ሕመምተኛ የሚያደርስ ደግሞ ለዚያ ጉዞ አይከፍልም። ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ፈረሙ። ከሁሉ በታች እኔ ፈረምሁ።

ወረቀቱ ሦስት ቅጠል ነበር። ፊርማዎቹ ያሉት በመጨረሻው ላይ ነው። አብሮ አደጌ «ሁለቱን በታይፕ ላስመታቸው፣ ለደንብ ያምራል» ብሎ ተቀበለኝ። ሰጠሁት። ምን ብዬ ልጠርጥረው?

በቀጣዩ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ጤፍ ጭነው ደረሱ። ገና አንድ ኩንታል ሳይወርድ ሁለት የኮሚቴ ጠባቂዎች ጨርቁን ከኋላ ያዙ። ጋሼ ከጋቢናው ሆነው እየሳቁ «ኧረ ገና አላራገፍሁም! ልጄን ጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች» ይላሉ። ድምፃቸውን ሰምቼ ከነጋውኔ ሮጥሁ። ስደርስ ጨርቋ ከሰል ሆናለች፤ አንደኛው ጠባቂ ደንቡን እያነበበ ነው። ማራገፍ የሚል ነገር የለም። ሕመምተኛ የሚል ነገር የለም። በእነሱ ቦታ «የመንግሥትና የኮሚቴ መኪኖች አይለኩም» እና «በሦስት ቀን ያልከፈለ መኪናው ለኮሚቴው ገቢ ይሆናል» የሚሉ ገብተዋል። የተጠየቀው ቅጣት ደግሞ መኪናውን ሸጠው እንኳ የሚከፍሉት አይደለም። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የጋሼ ጣት አለ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ጋሼ ከጋቢናው ወረዱ። እኔን ብቻ አዩኝ።

በቀጥታ አብሮ አደጌ ቢሮ ገባሁበት። «ምነው? ምን በደልሁህ?» አልሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ጓድ፣ ጊዜው የግለሰብ መኪና የሚታዘንበት ጊዜ አይደለም» አለኝ። ጓድ! የእናቴን ሽሮ የበላ ልጅ ጓድ አለኝ! ደንቡ ተለውጧል፣ ለሕዝብ እናገራለሁ ብዬ ጮህሁ። በእርጋታ መሳቢያውን ከፍቶ የመጨረሻዋን ቅጠል አሳየኝ። «ተናገሪ፤ ፊርማሽ ግን አለበት» አለ። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ንግግር ሰው የት እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን። ፈራሁ። ወላሂ ፈራሁ፤ ዝም ብዬም ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን መኪናው ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፎበት የኮሚቴው ሆነ። ያው ሞተር፣ ያው ጭስ፣ ያው በር ላይ ይቆማል፤ ጨርቅ የሚይዝበት ግን የለም። ሕመምተኛ ጫኑልኝ ብዬ ብለምን «መኪናው ለሥራ ነው» አሉኝ። ደሴ ቢደርሱ ይድኑ የነበሩ ሰዎች እጄ ላይ አለፉ። ሳሙናውም ወተቱም አልመጣ።

ክረምቱ ሲገባ ጋሼ ራሳቸው በሳል ታመው መጡ። ሥጋቸው አልቋል። ጤና ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ያስተኛኋቸው መጋዘኑ ውስጥ ነው፣ በሩ አጠገብ። አንድ ጠዋት መኪናው መጥቶ ቆመ፤ ጭሱም ገባ። ወደ ውስጥ ላዛውራቸው ብል እጄን ያዙኝ።

«ተይኝ፣ ልስማው» አሉ። ጆሮአቸውን አቁመው አዳመጡ። «ዘይቱን አልቀየሩለትም፤ ይገሉታል» አሉና ሳሉ፣ ረጅም ሳል። ውኃ አጠጣኋቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጄ፣ አሁንማ ምን ቀረኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ዕለት ካራገፈ በኋላ ይለካል ብለሽ ስታነቢልኝ፣ ተጽፎ ነበር ወይስ ጣቴን እንዳትም ብለሽ ከአፍሽ ያወጣሽው ነው?»

«ተጽፎ ነበር ጋሼ! ወላሂ ተጽፎ ነበር! እፊትዎ ነው የጻፍሁት!»

«እፊቴ ጽፈሻል። ምን እንደጻፍሽ ግን አንብቤ አላውቅ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ እጄን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።